ዳማከሴ፣ ማር ወይስ አሞክሳሲሊን? ኢንፍሉዌንዛን ቤት ውስጥ ስለማስታመም

ጉንፋን ጠንከር ባለ ቁጥር ተመሳሳይ ወሬ ይነሳል። "የዘንድሮው ደግሞ የተለየ ነው" ይባላል። ወዲያው ቴሌግራሙም ቲክቶኩም በምክር ይጥለቀለቃል። አንዱ ነጭ ሽንኩርት በማር ይላል። ሌላው ዝንጅብል በሎሚ። ሌላው ባሕር ዛፍ አፍልታችሁ ታጠኑ ይላል። በዚያ ማዶ ደግሞ "ተዉት ይሄን ተረት፣ ፋርማሲ ግቡና አሞክሳሲሊን ግዙ" የሚል አለ። ሁለቱም ወገን እርግጠኛ ነው፤ ሁለቱም "እኔን አድኖኛል" የሚል ምስክር አያጣም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 መጨረሻ፣ ኤች3ኤን2 የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ አዲስ ቅርንጫፍ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሲዛመት ወሬው ውጭ ያለውን አበሻም ይዞት ሄደ። እዚያም ያው ክርክር ነው፣ የሚጨመርበት የሐኪም ማዘዣና የክትባት ጉዳይ ብቻ ነው።

የባህል ነው ወይስ የዘመናዊ ብሎ መሟገቱ ብዙ አያራምድም። ከጓዳ የሚወጣውም ከፋርማሲ የሚገዛውም ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ማየቱ ይሻላል። እንዲያ ሲታይ አንዳንዱ የእናቶች ምክር በደንብ ይቆማል፣ አንዳንዱ አይጎዳም አይጠቅምም፣ ጥቂቱ ደግሞ አደገኛ ነው።

መጀመሪያ፣ የትኛው በሽታ ነው?

አፍንጫ ፈሰሰ፣ ጉሮሮ ከረከረ፣ አስነጠሰ፤ ይሄን ሁሉ ጉንፋን እንለዋለን። እንዲህ ያለውን ቀላል ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው። ቫይረስ ማለት በራሱ መራባት የማይችል፣ ሕያው ሴል ውስጥ ገብቶ ብቻ የሚባዛ እጅግ ረቂቅ ተህዋስ ነው። ኢንፍሉዌንዛም በሰፈር ቋንቋ ጉንፋን ይባል እንጂ የራሱ ቫይረስ ያለው ሌላ በሽታ ነው።

ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ይታያል። ቀላሉ ጉንፋን ቀስ ብሎ ይገባል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በድንገት ነው የሚጥለው፤ ጠዋት ሥራ የሄደ ሰው ማታ ብርድ ብርድ እያለው፣ ትኩሳት ይዞት፣ ወገቡንና እግሩን እየቆረጠመው አልጋ ላይ ይገኛል። ራስ ምታቱ ከባድ ነው፣ ሳሉ ደረቅ ነው፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። ቫይረሱ ከገባ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ምልክቱ ይጀምራል። ሰውየው ደግሞ ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ሌላ ሰው ማስያዝ ይችላል። "ማን አስያዘኝ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የማያገኘው ለዚህ ነው።

ተራ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ አንድ ቢሊዮን ያህል ሰው ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮኑ በጽኑ ይታመማል፣ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚሆነው በመተንፈሻ አካል ችግር ይሞታል። ቁጥሩን ገልብጣችሁ ካያችሁት ግን ሌላም ነገር ይነግራችኋል። የሚበዛው ሰው ሆስፒታል ሳይገባ ይድናል። ክርክሩን ሁሉ የሚያወሳስበው ይሄ ነው።

ሁሉም መድኃኒት የሚሠራ የሚመስለው ለምንድን ነው?

የኢንፍሉዌንዛ ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። የሚብሰው ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። ሰው መድኃኒት አጥብቆ የሚፈልገውም በዚያው ሰዓት ነው። ሦስተኛው ቀን ማታ ዳማከሴ ተጨምቆ ይጠጣል፣ አራተኛው ቀን ላይ ትኩሳቱ ይበርዳል። ዳማከሴው ባይጠጣም አራተኛው ቀን ላይ ይበርድ ነበር። በሦስተኛው ቀን አሞክሳሲሊን የጀመረውም ሰው እንዲሁ ነው፣ አራተኛው ቀን ላይ ተሻለው፣ ምስጋናውን እንክብሉ ወሰደ።

ሌላም አለ። ሰው ታሟል ተብሎ ትኩስ ነገር ሲቀርብለት፣ ጀርባው ሲታሽ፣ "አይዞህ" ሲባል ሕመሙ ይቀልለታል። መድኃኒትነት የሌለው ነገር እንኳ ይሻለኛል ብሎ የወሰደውን ሰው ስሜት ያሻሽላል። ይሄ በሕክምናው ዓለም ፕላሴቦ ይባላል። ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ሕመሙ በእርግጥ የቀለለ ሆኖ ይሰማል። ቫይረሱ ላይ ግን ምንም አልተደረገም።

"ላብራቶሪ ውስጥ ቫይረስ እንደሚገድል ተረጋግጧል" የሚባለውንም ጠንቀቅ ብሎ መስማት ይገባል። ብልቃጥ ውስጥ በረኪናም ቫይረስ ይገድላል። ጥያቄው የተዋጠው ነገር በሆድና በጉበት አልፎ፣ ሳይጎዳን፣ በበቂ መጠን ሳንባ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ቡድን ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ የሚወስድ፣ ሌላው የማይወስድ፣ ከዚያ ማን ቶሎ እንደዳነ ማወዳደር። የሰፈር ምስክርነት ይህን ማድረግ አይችልም። ቪዲዮ የሚሠራው የዳነው ሰው ብቻ ነውና።

ከጓዳ የሚወጣው

ከማር እንጀምር፣ ምክንያቱም ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። ማር ኢንፍሉዌንዛን አይገድልም። የሌሊት ሳልን ግን ያስታግሳል፤ በሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ምንም ካለመስጠት የተሻለ እንደሆነ አሳይተዋል፣ የእንግሊዝ ሐኪሞች መመሪያም ለሳል መጀመሪያ ማር ሞክሩ ይላል። ከመኝታ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አንድ ጥብቅ ክልከላ አለው። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን መርዛማ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ የትልቅ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል፣ የጨቅላ አንጀት ግን አይችለውም፣ ጡንቻውን አዝሎ እስትንፋስ እስከማቆም ሊደርስ ይችላል። "ንጹሕ የገጠር ማር ነው" የሚለው መከራከሪያ እዚህ አይሠራም፣ ዘሩ ንጹሕ ማር ውስጥም ይገኛል።

ዳማከሴ ሌላ ታሪክ ነው። ቅጠሉ ታሽቶ ይሸተታል፣ ሰውነት ይቀባል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል። በተለይ ለምች። ምች የሚባለው ሰው ፀሐይ ሲመታው ይይዘዋል የሚባል፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ከንፈር ላይ ቁስል የሚያወጣ ሕመም ነው። የከንፈሩ ቁስል ሄርፐስ ከሚባል ቫይረስ ይመጣል። ይህ ቫይረስ አንዴ ሰውነት ከገባ አይወጣም፣ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ትኩሳት ሲነሳ ወይም ፀሐይ ሲበዛ ብቅ ይላል። ስለዚህ ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው አፉ ቢቆስል "ምች መታኝ" ቢል አይገርምም፤ አያቶቻችን ፀሐይንና ትኩሳትን ከቁስሉ ጋር ማያያዛቸው ከንቱ አልነበረም። ዳማከሴንም የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ሞክረው ትኩሳት የማብረድ ባሕርይ አይተውበታል። በአይጥ የታየ ነገር ግን ለሰው ልጅ ስንት ቅጠል፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለማን ክልክል እንደሆነ አይነግረንም። ጤነኛ ጎልማሳ ታጥቦ የተጨመቀ ትንሽ ዳማከሴ ቢጠጣ የሚያሳስብ አይደለም። ቅጠሉ ሳይታጠብ የሚጨመቅ ከሆነ ከጉንፋኑ ተቅማጡ ይከፋል።

ጤና አዳም ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቡና ውስጥ አንድ ዘለላ ጣል ማድረግ ሌላ፣ ጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ። በብዛት ሲወሰድ ማህፀንን ያኮማትራል፣ ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ካገኘውም እንደ ቃጠሎ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ልጅን በጤና አዳም ቀብቶ ፀሐይ ማሞቅ የሚባለው ነገር ይቅር።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚጎዱት እምብዛም ነው። ዝንጅብል ማቅለሽለሽ ይቀንሳል፣ ይሄ በጥናት የታየ ነው፤ ትኩስ የዝንጅብል ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ፈሳሽም ነው። ነጭ ሽንኩርት ኢንፍሉዌንዛን ያድናል የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ ግን የለም። ወጥ ውስጥ ብሉት፣ ሾርባ ውስጥ ጨምሩት። አፍንጫ ውስጥ መወተፍ ግን የአፍንጫን ስስ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሲወጣ የሚፈሰው ንፍጥ "ቆሻሻው ወጣ" የተባለለት ነገር በሽታው ሳይሆን አፍንጫው ተቆጥቶ ያመረተው ነው። የልብ ቫልቭ ያስቀየሩና ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ብዙ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንደ መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፣ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል። በኮቪድ መጀመሪያ፣ መጋቢት 2012፣ የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል ዋጋ ምን ያህል እንደተሰቀለ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ያኔ የተጠቀመው ነጋዴው ነው።

ሎሚም እንዲሁ። ቫይታሚን ሲ ሳይታመሙ በፊት በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች ጉንፋን ሲይዛቸው የሕመሙ ጊዜ በትንሹ አጥሮላቸዋል፣ በአዋቂዎች 8 በመቶ ገደማ። ከታመሙ በኋላ መጀመር ግን ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየበትም። አረቄ በሎሚማ በጭራሽ መድኃኒት አይደለም። ሲጠጡት ያሞቃል፣ ከዚያ ውሃ ያስወጣል፣ እንቅልፍ ያበላሻል፣ ከፓራሲታሞል ጋር ሲደመር ደግሞ ጉበት ላይ ጫና ነው።

እንፋሎቱ፣ ጭሱ እና የተዘጋው መስኮት

ባሕር ዛፍ ተፍልቶ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መታጠን ደስ ይላል። አፍንጫ የተከፈተ ይመስላል። ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለው ሽታው ኃይለኛ ዘይት የአፍንጫን ቅዝቃዜ የሚለዩ ነርቮች ይነካል፣ አየር በደንብ እየገባ እንደሆነ ይሰማናል፣ መተላለፊያው ግን ብዙም ላይሰፋ ይችላል። ለአዋቂ ሰው ማስታገሻ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። ለሕፃን ግን አይሆንም፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠ የፈላ ድስት አንዴ ከተገለበጠ ከየትኛውም ጉንፋን የከፋ ጉዳት ያደርሳል፣ እንዲህ ያለ ቃጠሎ የሕፃናት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ነው። የባሕር ዛፍ ዘይትን መጠጣት ደግሞ መርዝ ነው፣ በጥቂቱም ቢሆን ሕፃንን ያንዘፈዝፋል። የአፍንጫ መዘጋትን ለማቅለል በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ቀለል ያለ የጨው ውሃ ጠብ ማድረግ ይበቃል፣ ለጨቅላም ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ከሰል ነው። በሽተኛ አለ ተብሎ በር ይዘጋል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ምድጃው ገብቶ ዕጣንና ባሕር ዛፍ ይጨስበታል። ከሰል በታፈነ ክፍል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ የሚሰማው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ነው፤ በሽተኛው ቀድሞም እነዚህ ስላሉበት ማንም ልብ አይለውም። ከዚያ እንቅልፍ ነው። በየክረምቱ ቤተሰብ ሙሉ እንዲህ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

የመዘጋጋቱ ልማድ ከአንድ እምነት የመጣ ነው፣ ብርድ ነው የሚያሳምመው ከሚለው። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ቢከፍት ከኋላ "ወንድሜ ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል" የሚል አይጠፋም። ነገሩ ተገልብጧል። ቫይረሱ የሚተላለፈው ከታመመ ሰው አፍና አፍንጫ በሚወጣ ጠብታና በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ረቂቅ እርጥበት ነው፣ በእጅም ጭምር። መስኮቱ የተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው ቢያስል የአሥራ ሁለቱም ሳንባ ይካፈለዋል። ቅዝቃዜ ምንም ሚና የለውም ማለት አይደለም፤ ቫይረሱ በቀዝቃዛና ደረቅ አየር ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ሰውም በብርድ ጊዜ ቤት ይከታል፣ ይጠጋጋል። ብርድ ቫይረሱን ይረዳዋል እንጂ ቫይረስ በሌለበት ኢንፍሉዌንዛ አያመጣም።

ጭስ ስንል ኅዳርን ማንሳት ግድ ነው። ኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃው፣ "የኅዳር በሽታ" የተባለው መቅሰፍት፣ ዓለምን ያዳረሰው የያኔው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው። በከተማዋ ሺዎች ሞቱ፣ ቀባሪ ጠፋ፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠራርጎ እየተቃጠለ ሰፈር የሚታጠንበት ልማድ ከዚያ መከራ ጋር ይያያዛል። አካባቢን ማጽዳቱ ጥሩ ነው። ጭሱ ግን ኢንፍሉዌንዛን አያባርርም፣ በተለይ ፌስታልና ፕላስቲክ አብሮ ሲቃጠል የታመመን ሳንባና አስም ያለበትን ሰው ያብሳል። ያን ጊዜ በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ አልታወቀም ነበር፣ የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መለየት የተቻለውም በ1933 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የዚያን ዘመን ሰው ያገኘውን ሞክሯል፣ አይፈረድበትም።

አሞክሳሲሊኑስ?

ከጓዳው መድኃኒት ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። አሞክሳሲሊንና አዚትሮማይሲን አንቲባዮቲክ ናቸው፤ አንቲባዮቲክ ማለት ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ እንጂ ባክቴሪያ ስላልሆነ እንክብሉ የሚነካው ነገር አያገኝም። ትርፉ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም አለርጂ ነው። ከዚያ በላይ፣ ሰውነታችን ውስጥ ያሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እየለመዱ ይሄዱና የምር የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ አይሠራም። "አክታው ቢጫ ሆነ፣ ስለዚህ አንቲባዮቲክ" የሚለውም የተለመደ ስሕተት ነው። ሰውነት ከቫይረስ ጋር ሲታገል የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች አክታውን ቢጫ ወይም አረንጓዴ ያደርጉታል፤ ቀለሙ ብቻውን ባክቴሪያ አለ አያሰኝም።

አንቲባዮቲክ ግዙ የሚለው ወገንም ግን ውኃ የሚያነሳ ነገር አለው። ኢንፍሉዌንዛ የሳንባን ሽፋን ይጎዳል፣ በተጎዳው ቦታ ባክቴሪያ ይገባና ኒሞኒያ የሚባለው የሳንባ ምች ይከተላል። በኅዳሩ ዘመን ብዙ ሰው የገደለው ይኸው እንደሆነ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ያኔ አንቲባዮቲክ ያድናል። ስለዚህ ልዩነቱን መርምሮ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ የፋርማሲው ባንኮኒ ላይ የቆመው ሻጭ አይደለም። ቤት የተረፈ ግማሽ ብልቃጥም አይደለም።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

የሚሠራው ነገር አሰልቺ ነው፣ ለዚህ ይሆናል ቪዲዮ የማይሠራበት።

ፈሳሽ፣ ብዙ ፈሳሽ። ትኩሳት ያለው ሰው በላብና በትንፋሽ ውሃ ያጣል፣ ደግሞም ብዙ ጊዜ መጠጣት አያሰኘውም። አጥሚት፣ የአጥንት ወይም የአትክልት ሾርባ፣ የአብሽ ውሃ፣ ቀጠን ያለ ሻይ፣ ሁሉም ይሆናል። አጥሚት በተለይ ፈሳሽም ምግብም ስለሆነ መብላት ላቃተው ሰው ግሩም ነው፣ እናቶች እዚህ ላይ ተሳስተው አያውቁም። መጠኑ መበቃቱን በሽንት ቀለም እዩት፤ ጠቆር ካለ አልበቃም። ማስመለስና ተቅማጥ ካለ ኦአርኤስ የሚባለውን የጨውና የስኳር ዱቄት በጥብጡ።

ዕረፍት። መናገሩ ቀላል ነው። በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው ሦስት ቀን መተኛት ማለት ሦስት ቀን አለመብላት ነው። ዱባይ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ታመምኩ ብላ እንዳትተኛ የሚከለክላት ብዙ ነገር አለ። ስለዚህ "ዕረፍት አድርጉ" የሚለው ምክር ለሁሉም እኩል አይደለም፣ ይህን ሳይሉ መምከር ትንሽ ያሳፍራል። መተኛት የሚችል ግን ይተኛ፤ ቢሮ ሄዶ ማሳል ጀግንነት አይደለም። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከበረደ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እስኪያልፍ ድረስ ከሰው መራቅ ይሻላል፣ ከዚያም በኋላ ጥቂት ቀን ማስክ ማድረግ። ቤት ውስጥ የሚያስታምመው ሰው አንድ ቢሆን፣ እሱም አዛውንት ወይም ነፍሰ ጡር ባይሆን ጥሩ ነው። ጠያቂ በብዛት መግባቱ ፍቅር ቢሆንም ለዚህ በሽታ አይመችም፣ ስልክ ይበቃል።

ትኩሳትና ቁርጥማት ካስቸገረ ፓራሲታሞል። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም፣ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት እያራራቁ፣ በቀን ከ4000 ሚሊግራም ሳያልፍ። ጉበቱ የታመመ ወይም አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው መጠኑን ዝቅ ማድረግ ስላለበት ይጠይቅ። "የጉንፋን መድኃኒት" ተብለው የሚሸጡት ድብልቅ እንክብሎች አብዛኞቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ የወሰደ ሰው ሳያውቀው መጠኑን ያልፋል። ለልጆች ልኩ በክብደት ነው። አስፕሪን ለልጆችና ለታዳጊዎች አይሰጥም፣ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ሲገናኝ አንጎልና ጉበትን የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም የሚባል ብርቅ ግን ገዳይ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

ትኩሳት ያለውን ሕፃን በጋቢና በብርድ ልብስ መጠቅለልም መቅረት አለበት፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ዛሬም ያልጠፋ ነገር ነው፤ ለሳልና ለትኩሳት አንድም ጥቅም የለውም፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ግን ያመጣል።

ክትባቱና ታሚፍሉ

ቫይረሱን ራሱን የሚነካ መድኃኒት አለ፣ ኦሴልታሚቪር ይባላል፣ ታሚፍሉ በሚል ስም ይታወቃል። ቫይረሱ ከአንዱ ሴል ወጥቶ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ያግዳል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ከተጀመረ ጤነኛ አዋቂን በአንድ ቀን ገደማ ቀደም አድርጎ ያሻለዋል፤ ተአምር አይደለም። ዋናው ጥቅሙ ለጽኑ ሕሙማንና አደጋው ለሚያይልባቸው ሰዎች ነው። ይህ መድኃኒት ሲሠራ መነሻ ንጥረ ነገሩ ለረጅም ጊዜ የተወሰደው ቻይና ውስጥ ከሚበቅል ኮከብ መሳይ ቅመም ነው። ቅመሙን አፍልቶ መጠጣት ግን ታሚፍሉ መጠጣት አይደለም፣ በመሐል ብዙ የኬሚስትሪ ሥራ አለ።

ክትባቱ በየዓመቱ የሚታደሰው ቫይረሱ ቅርጹን ስለሚቀያይር ነው። አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ያላችሁ በየመኸሩ ታገኙታላችሁ፤ ለወላጆቻችሁና ለነፍሰ ጡር ቅድሚያ ስጡ። "ከተከተብኩ በኋላ ጉንፋን ያዘኝ" የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ቫይረሶች የመጣ ነው፤ ክትባቱ በኢንፍሉዌንዛም ጨርሶ አያስይዝም አይባልም፣ በጽኑ መታመምን ግን ይቀንሳል። በኢትዮጵያ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት መርሐ ግብር ውስጥ የለም። ከ2004 ጀምሮ የሚሰጠው የኒሞኮካል ክትባት ግን በኢንፍሉዌንዛ ላይ ተደርቦ ከሚመጣው ኒሞኒያ ዋነኛውን ስለሚከላከል፣ ልጁን በቀጠሮው ማስከተብ በተዘዋዋሪ ለዚህም ይጠቅማል።

ቤት የማይበቃበት ጊዜ

የቤት ውስጥ መድኃኒት ትልቁ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ መርዝነቱ አይደለም፣ የሚበላው ጊዜ ነው። "ትንሽ እንየው" እየተባለ ሁለት ቀን ይሄዳል።

አዋቂ ሰው ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ከተደናገረ ወይም ሽንት ካቆመ ዛሬውኑ ሕክምና ይሂድ። ተሽሎት ከነበረ በኋላ ትኩሳቱ ተመልሶ ሳሉ ከባሰም እንደዚሁ፣ ይሄኛው ኒሞኒያ መግባቱን ከሚጠቁሙት አንዱ ነው። ሕፃን ላይ ትንፋሹን ቁጠሩ፣ ተኝቶ ወይም ረጋ ብሎ ሳለ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው ይባላል። ደረቱ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ካንዘፈዘፈው፣ ከልክ በላይ ከፈዘዘ አትጠብቁ። ከ3 ወር በታች ያለ ጨቅላ ትኩሳት ካለው ምልክት መቁጠርም አያስፈልግም፣ በቀጥታ ጤና ተቋም። ነፍሰ ጡር፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆነ፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም፣ አስም ወይም ኤችአይቪ ያለበት ሰው ገና ሲጀምረው ሐኪም ቢያማክር ይመረጣል።

አገራችን ውስጥ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ቁርጥማት የወባም መልክ ነው። ቆላ የሚኖር ወይም ሰሞኑን ቆላ ደርሶ የመጣ ሰው "ኢንፍሉዌንዛ ነው" ብሎ ዝንጅብል ሲጠጣ መቆየት የለበትም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ያድርግ። በተቃራኒው በአንድ የደም ምርመራ ብቻ "ታይፎይድና ታይፈስ ነው" ተብሎ መርፌ የሚጀመርለት ሰውም ብዙ ነው፤ ያ ፈጣን ምርመራ በቀድሞ ኢንፌክሽንም አለ ስለሚል ውጤቱ ብቻውን አያስተማምንም፣ ሐኪሙን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ትኩሳቱ ከሄደ በኋላ ሳሉና ድካሙ አንድ ሁለት ሳምንት ቢቆይ የተለመደ ነው፣ የሳንባው ሽፋን እስኪጠገን ድረስ ነው። ሁለት ሳምንት ሞልቶ ሳሉ ካልተወ ግን፣ በተለይ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ካለበት፣ የቲቢ ምርመራ ይደረግ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ሕክምናው ነፃ ነው።